ለልጄ የተቀመጠው ሲሊንደር

ያን ቀን በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ እነማን እንደነበርን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ነበርኩ። ዓመት ያልሞላው ልጄ ይሁኔ ነበረ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ከጎናችን ባለው አልጋ ፋንታዬ የምትባል ሴትና ልጇ ሐና ነበሩ። ነርሷ ሲስተር ሰብለ ነበረች። አንድ ወጣት ዶክተር ሲገባ ሲወጣ ነበር። የኦክስጅን ቤቱ ሠራተኛ ደሳለኝም በር ላይ እየቆመ ይመለስ ነበር። ባሌ አልነበረም፤ እኛን አድርሶ ወደ ከብቶቹ ተመልሷል። ሌሎች አልጋዎች ላይም ሰው ነበረ፣ ነገሩ ግን እነሱን አይነካም።

ከነዚህ ሰዎች ሁለቱ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። የምጽፈው በነሱ ምክንያት ነው። የሆስፒታሉንም ኦክስጅን የሚያመርትለትንም ድርጅት ስም አልጠራም። ማንንም ልከስ አልተነሣሁም።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወስደው በኩል ነው፤ ገብስና ድንች እናመርታለን። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ያን ጊዜ ግን በመንደሩ የምታወቀው በጥንቃቄዬ ነበር። ውኃ ሳላፈላ ለልጅ አልሰጥም። ማታ በሩን ዘግቼ ከተኛሁ በኋላ ተነሥቼ ደግሜ አየዋለሁ። ይሁኔ አንድ ጊዜ ካስነጠሰ ሁለት ልብስ እደርብለታለሁ። ጎረቤቶቼ «ይችስ ልጇን ነፋስ ቢነካው ነፋሱን ቀበሌ ትከሰዋለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ግን ለልጁ ልብስ እደርብለታለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሠራሁት አይገባችሁም። በኛ አገር ሰው ሆስፒታል የሚገባው ሁሉ ነገር ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። በቃሬዛ ተሸክመው ያወርዱታል፤ ሐኪሞቹ ያን ቱቦ አፍንጫው ላይ ያደርጉለታል፤ በማግስቱ ሬሳው ይመለሳል። አጎቴ እንዲህ ሄደ። የጎረቤቴም ባል እንዲህ ሄደ። ስለዚህ በመንደራችን «ኦክስጅን ተደረገለት» አይባልም፤ «ተደረገበት» ነው የሚባለው። ይህ ከተሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ይዘጋጃሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ይሁኔ ሳል ጀመረው። ከዚያ ትኩሳት። ከዚያ ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። የጤና ኬላዋ ልጅ ገና ስታየው «አሁኑኑ ወደ ከተማ» አለችኝ። የሳንባ ምች ነው ተባለና አስተኙን።

ጠዋት ላይ ከሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የወፍጮ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እማማ ጥሩነሽ ወፍጮ ቤት መስሏቸው «እዚህም ይፈጫሉ እንዴ?» አሉ። ደሳለኝ ያን ጊዜ ሲሊንደር እያንከባለለ ሲገባ ሰምቷቸው ሳቀ።

«ኦክስጅን ነው የሚፈጨው፣ እማማ።»

«አንተ ልጅ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው ወይስ የነጋዴ?»

«የሁለቱም ነው። ቤቱና መብራቱ የመንግሥት ነው። ማሽኑ የድርጅቱ ነው። እኔንም የቀጠረኝ ድርጅቱ ነው።»

«አሃ፣ መቀናጆ ነዋ!»

ለከተማ ሰዎች ልንገር፤ መቀናጆ ማለት አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ የሚያርሱበት ነው።

«ልክ ነዎት፣ መቀናጆ ነው» አለ ደሳለኝ። «ጠዋት ጠዋት ሆስፒታሉ የሚበቃውን ያስቀራል። የተረፈው ከተማ ውስጥ ላሉት የግል ክሊኒኮች ይጫናል። ድርጅቱም የሚኖረው በዚያ ነው።»

«ደግ ነው። መቀናጆ እስኪታረስ ድረስ ፍቅር ነው። ሞፈር ሲሰበር ነው ጠቡ» አሉት። ደሳለኝ እየሳቀ ወጣ።

ሲስተር ሰብለ እንደነገረችን፣ ማሽኑ ሳይመጣ በፊት ሲሊንደር የሚመጣው ከሩቅ በመኪና ነበር። መንገድ ሲዘጋ ሰው እንዲሁ ይሞት ነበር። ይህን የምነግራችሁ ማሽኑን እንዳትጠሉት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ብዙ ልጅ አትርፏል።

ሲስተር ሰብለ በይሁኔ ጣት ላይ ያችን ትንሽ መቆንጠጫ አድርጋ ቁጥሩን አየች። ሁለተኛ አየች።

«የይሁኔ እናት፣ ትንፋሹ አልበቃውም። ኦክስጅን እናድርግለት። ሲሊንደሩን አስቀምጬለታለሁ።»

«አይሆንም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ያ ነገር ልጄ ላይ አይደረግም። እሱ ገና ጡት ይጠባል። ያ የሚደረገው ለሚሞት ሰው ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

አልተቆጣችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችኝ። እኔ ግን አልሰማትም ነበር። አፏን ሳይሆን እጇን ነበር የማየው፤ ድንገት ቱቦውን እንዳታደርግበት ብዬ።

ፋንታዬ ከጎን ሆና ትሰማለች። ልጇ ሐና አፍንጫዋ ላይ ያ ቱቦ አለ፤ አንድ ዓመት አልፏታል፣ ፀጉሯ በቁንዳላ የተሠራ ነው።

«አንች ሴትዮ፣ ይችን አታይያትም?» አለችኝ። «ትናንት ስትገባ ከንፈሯ ጠቁሮ የበሰለ የዱር እንጆሪ ነበር የሚመስለው። አሁን ደግሞ እየተሳደበች ነው።» እውነትም ሐና በሕፃን አፏ ታጉረመርማለች። «እኔ ዐረብ አገር አንድ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ይሄንኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ኳስ ሲያዩና እኔን ሲሰድቡ ነበር የሚውሉት። ኮንትራቴ አልቆ ስመጣም እየተሳደቡ ነው የተውኳቸው። ቱቦ ቢገድል ኖሮ ስንት ስድብ በቀረልኝ!»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲስተር ሰብለም ሳቀች። እኔ ግን ሽማግሌው የሰው አገር ሰው ናቸው፣ እዚያ መድኃኒቱም ሌላ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወደ አማቴ ዞርኩ።

«እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ሲስተሯ ግን ክፉ አትመስለኝም።»

«እማማ፣ አንቱ እንኳ!»

«እናቱ አንች ነሽ» አሉኝ።

ዶክተሩም መጣ። ይሁኔን ከደረቴ አጣብቄ በሁለት እጄ ያዝኩት። ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ «በጉልበት አልነጥቅሽም። መርፌው ይቀጥላል። ሐሳብሽን ስትለውጪ ለሲስተር ንገሪያት፤ ግን አትቆዪ» ብሎ ሄደ።

ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ፋንታዬ ሐናን ለእማማ ጥሩነሽ አደራ ሰጥታ ጨርቅ ልታጥብ ወጣች። እሷ ስትወጣ ደሳለኝ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሲስተር፣ ክሊኒኩ መኪና ልኳል። የምትለቂው አለሽ?»

ሲስተር ሰብለ ግድግዳው ጥግ የቆመችውን ሲሊንደር አየች። ከዚያ እኔን አየች። ቆየች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ያችን ውሰዳት» አለች። «ለይሁኔ ነበር የያዝኳት፤ አልተፈለገችም። ሌላ ትሞላለህ አይደል?»

«እየሞላሁ ነው። እስከ ቀትር ይደርሳል።»

በመስኮቱ አየሁት። ሲሊንደሯን እያንከባለለ ወስዶ ከሌላ ሰው ጋር መኪናው ላይ ጫኗት። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ሞት ከደጃችን ተጭኖ የሄደ መሰለኝ። ይሁኔን ሳምኩት።

ፋንታዬ ተመልሳ መጣች። ሲሊንደሯ መሄዷን አላየችም፤ ብታይም የማን እንደነበረች አታውቅም። ያን ጊዜ ለጨዋታ ያህል ልነግራት እችል ነበር፣ ግን የሚያነጋግር ነገር አልመሰለኝም።

ቀትር ሳይሆን ያ የወፍጮ ድምፅ ቆመ።

መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። ድምፁ ሲያቆም ነው ጠዋት ሙሉ በጆሯችን እንደነበር የታወቀን። ሲስተር ሰብለ ቀና አለች። ደሳለኝ በሩጫ አልፎ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄደ።

በዚያው ሰዓት ይሁኔ ጡት አልይዝም አለኝ። አፉን ከፍቶ ይፈልጋል፣ ሲይዘው ትንፋሽ ያጥረውና ይተወዋል። ከንፈሩን አየሁት። ፋንታዬ ያለችው የእንጆሪ መልክ ልጄ ከንፈር ላይ ነበር።

«ሲስተር! ሲስተር! አድርጊለት! አሁን አድርጊለት!»

ጠዋት እምቢ ያልኩት አፌ ነው እንዲህ ብሎ የጮኸው። ሲስተር ሰብለ ሮጣ መጣች፣ አየችው፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ጥግ ዞረች። ጥጉ ባዶ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለችው የሐና ሲሊንደር ብቻ ናት።

በሌሎቹ ክፍሎችም ያለ ሥራ የቆመ ሲሊንደር ስላልነበረ ዶክተሩ ወደ ክሊኒኩ ደወለ። በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። ሲሊንደሯ እዚያ እንደደረሰች ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው አንዲት ባልቴት ተገጥማለች። «ከሳቸው ንቀሉ ልበል?» አለ ስልኩን ዘግቶ፣ ለማን እንደሚናገር አላወቅሁም። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞረ።

«ክፈተዋ ማሽኑን! ምን ትጠብቃለህ?»

«አልችልም፣ ዶክተር። በውሉ የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት፣ መሙላት ነው። ውስጡን የሚከፍተው የድርጅቱ ኢንጅነር ነው። ደውያለሁ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቷል።»

«ሕፃን እየሞተ ስለ ውል ታወራኛለህ?»

«ነክቼው ቢቃጠልስ? ነገ ለሚመጡት ማን ይጠየቃል? እርስዎ ይፈርሙልኛል?»

 ደሳለኝ «እኔም ልጅ አለኝ እኮ» አለ። እማማ ጥሩነሽ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ለራሳቸው «ተሰበረ፣ ሞፈሩ ተሰበረ» ይላሉ።

ሲስተር ሰብለ ወደ ፋንታዬ ሄደች።

«ፋንታዬ፣ ከአንዱ ሲሊንደር ለሁለት ማካፈል ይቻላል። ግን ቶሎ ያልቃል። ሐናም የምታገኘው ይቀንሳል።»

ፋንታዬ ሐናን አየች። ከዚያ ይሁኔን አየች።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? አካፍያቸው እንጂ!»

ቱቦው ሲመጣ ከሲስተር ሰብለ እጅ ነጥቄ በራሴ እጅ አፍንጫው ላይ ያዝኩለት። ፋንታዬ «እንዴት ነው፣ አሁንስ ቱቦ የሚደረገው ለሚሞት ነው?» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። «ተይኝ፣ እኔ አፌ ነው ችግሩ። አይዞሽ።»

ቀስ እያለ የይሁኔ ከንፈር መልኩ ተመለሰ። ዓይኑን ከፈተ። የአጎቴ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቱቦው አልነበረም የገደለው፤ ቱቦው ዘግይቶ ነው የደረሰለት። እሱን ያዘገየነው እኛው ነን። ይህን ልጄ ላይ ልደግመው ነበር።

ሁለታችን በአንዲት ሲሊንደር ዙሪያ ተቀምጠን ዋልን። በላይዋ ሰዓት የሚመስል መለኪያ አለ፤ ቀስቱ ሲወርድ እናየዋለን። ፋንታዬ ዝም ማለት አትችልም። ከይፋግ ወዲያ ካለ ገጠር እንደተወለደች፣ ከዐረብ አገር ተመልሳ ሐናን እንደወለደች፣ የሐና አባት እንደተዋት፣ ደብረ ታቦር የመጣችው ሥራ ፍለጋ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሰው ሁሉ ከዐረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመለሳል። እኔ ይችን ቀበጥ ይዤ ቀረሁ» ብላ የሐናን እግር ስትኮረኩራት ሐና ቱቦዋን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ወደ ቀስቱ አየች።

«ቆይ ግን፣ ይሄን የሚያህል ሆስፒታል እንዴት አንዲት ሲሊንደር ብቻ ይዞ ይቀመጣል? መጠባበቂያ የሚባል አያውቁም? የያዙትን የት ወሰዱት?»

ሲስተር ሰብለ መርፌ እያዘጋጀች ነበር። እጇ ቆመ። እኔን አየችኝ። እኔ የይሁኔን መሐረብ አስተካከልኩ። ሲስተር ሰብለ ምንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ፋንታዬ «ማሽኑን የሠራው እጁ ይቆረጥ» ብላ ተራገመች። እርግማኑን እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት። የሚገባው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀስቱ ቀዩን ቀለም ሲነካ ዶክተሩ መጣ። የኢንጅነሩ ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ የለም። መንገዱም በዚያ ሰሞን የሚታመን አልነበረም፤ ይድረስ ይታገድ አይታወቅም። አምቡላንስ ግን ተገኝቷል። ውስጡ ትንሽ ሲሊንደር አለ፣ ለአንድ ልጅ መንገድ ታደርሳለች። ከሁለቱ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይሂድ።

«የትኛው?» አለች ፋንታዬ።

«ይሁኔ መንገዱን አይችለውም። ሐና ተሽሏታል። የምትችለው እሷ ናት።»

«የተሻላት ነው የሚባረረው?» አለች። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«የይሁኔ እናት፣ አንች ምን ትያለሽ? ቆዪ ካልሽኝ እቆያለሁ። መሐንዲሱ ይመጣ ይሆናል። እስኪያልቅ አብረን እናያለን።»

ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ «ቆዪ» ብል ትቆይ ነበር። እውነቱን ብነግራትም፣ ማለት ያጣነው ሲሊንደር የኔ ልጅ ድርሻ እንደነበረና እኔ እንዳባረርኩት ብነግራት፣ ምን እንደምትል አላውቅም። ምናልባት አልሄድም ትል ነበር። ምናልባት ቱቦውን ከልጄ አፍንጫ ላይ ንቀሉ ትል ነበር። ይህን ነው የፈራሁት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሂጂም አላልኩ፣ ቆዪም አላልኩ።

አሁን ይህን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈው። ከነጠላዬ ሥር ደስ ብሎኝ ነበር። የቀረችው ኦክስጅን ለይሁኔ ብቻ ልትሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ፋንታዬ የማለቅስላት መሰላት። አቀፈችኝ። «ተይ አታልቅሽ፣ እኛ እንደርሳለን። ይሄን ሰነፍ ሳሚልኝ» አለችና ይሁኔን ግንባሩን ሳመችው። እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን አውልቀው ሐናን ጠቀለሏት። «አይ እማማ፣ ይበርድዎታል» ብትላቸው «እኔ ግድግዳ አለኝ፣ እናንተ መንገደኛ ናችሁ» አሏት። ወጡ። የአምቡላንሱ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ብዙ አልቆየም። ይሁኔ እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገው ግቢው ውስጥ መኪና ቆመ። አቧራ የለበሰ ሰው የመሣሪያ ሣጥን ይዞ ወረደ። ኢንጅነሩ ነበር። በመንገድ ከአምቡላንሱ ጋር ተላልፈዋል ማለት ነው። ማሽኑን ከፈተው። የተበጠሰው ቀበቶ ነበር። ቀበቶ ብቻ። አዲሱን አስገብቶ ሲያበቃ ያ የወፍጮ ድምፅ ጀመረ።

ዶክተሩ ስልኩን ይዞ ወደ ሾፌሩ ደወለ። አይነሣም። ደግሞ ደወለ። ደጅ ወጥቶ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ደወለ። ኔትወርኩ እንደጠፋ ነው። ደሳለኝ የተሞላ ሲሊንደር ይዞ ገባ፣ ግድግዳው ጥግ አቆመው፣ ከዚያም የሐናን ባዶ አልጋ አይቶ «የት ሄዱ?» አለ። 

ሲስተር ሰብለ ያን ጊዜ ነው አልጋው ላይ ቁጭ ያለችው።

«እኔ ነኝ ውሰዳት ያልኩት» አለች። «መጠባበቂያ ማስቀረት ነበረብኝ።»

«እኔ ነኝ እንጂ እምቢ ያልኩት» አልኳት።

«የመጣው መኪና ይጠብቅ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ» አለ ደሳለኝ ከበሩ።

እንዲህ ጥፋቱን ስንሻማ እማማ ጥሩነሽ «ተዉት፣ ለሁላችሁም ይበቃል» አሉን። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሾፌሩ የተመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። በሩ ላይ ጠበቅሁት። መንገድ ላይ ሳሉ ትንሿ ሲሊንደር አልቃለች። እሱ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብሎ ተመለስ ተብሏል። ስለዚህ መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ አስረክቧቸው መጥቷል። እዚያ ያሉት ሌላ መኪና ፈልገን እንልካቸዋለን ብለውታል።

«ልጅቱስ?» አልኩት።

«ዓይኗ ክፍት ነበር። ሲወርዱ እያለቀሰች ነበር።»

«ማን? እናትየዋ ወይስ ልጅቱ?»

አሰበ። «ሁለቱም መሰለኝ» አለኝ።

ይህችን «መሰለኝ» ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት እግዚአብሔር ይወቅ። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አለው እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ያለቀሰችው እናትየዋ ብቻ ብትሆንስ እላለሁ።

ይሁኔ ዳነ። ቤት ከገባን በኋላ ባሌ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። «በሌላ መኪና ሄደዋል» አሉት፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቀው ሠራተኛ ግን ተዛውሯል። ባሕር ዳር ድረስ ዘልቆ ጠየቀ፤ በስም ብቻ ሰው ማግኘት አልቻለም። እኔ ራሴ ይፋግ ገበያ ሄጄ ከዐረብ አገር የተመለሰች ፋንታዬ እያልኩ ጠየቅሁ። አንዷ ሴት «ከዐረብ አገር ያልተመለሰ ማን አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። የትኛው ገጠር እንደሆነ ሳልጠይቃት ነው የቀረሁት። ያን ሁሉ ሰዓት አብረን ስንውል እሷ ስታወራ እኔ የራሴን ጉዳይ ነበር የማስበው።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናቶች፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። ዛሬም ፈሪ ነኝ፣ ውኃ አፈላለሁ፣ በር ደግሜ አያለሁ። ግን ያልገባኝን ነገር «አይሆንም» ከማለቴ በፊት እጠይቃለሁ። ጤና ኬላ ላይ ሴቶች ሲሰበሰቡ ተነሥቼ የቱቦውን ነገር እናገራለሁ።  ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ስትሄድ «ያን ነገር ቢሉኝስ?» አለችኝ። አብሬያት ሄድኩና እጇን ይዤ ተደረገለት። ልጁ አሁን ዶሮ ያባርራል። ሰዎች ያመሰግኑኛል። ምስጋናው ሲመጣ ወዴት እንደምሸሽ አላውቅም።

ስለ መቀናጆውም አንድ ነገር ልበል። መንግሥትና ድርጅት ተጣምረው መሥራታቸውን አልጠላም፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ሲስተር ሰብለ እንደነገረችኝ፣ ውሉ ላይ አንድ ሲሊንደር ተፈለገም አልተፈለገም ከግቢ እንዳይወጣ የሚል ጨምረዋል፤ ደሳለኝም ቀበቶ መለወጥ ተምሯል። ጥሩ ነው። ግን ማሽኑ ሲመጣ ምን እንደሆነ በየመንደሩ ዞሮ የነገረን ሰው አልነበረም። ቤቱን፣ መብራቱን፣ ትርፉን ሲዋዋሉ እንደኔ ያለች የፈራች እናት ትመጣለች ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ይህን ስጽፍ ጥፋቱን ከራሴ ላይ ላወርድ እንዳይመስላችሁ። ሲስተር ሰብለ ነግራኝ ነበር። ፋንታዬም ነግራኝ ነበር።

ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። እሳቸው «ባለማወቅ ነው» አሉኝ። እምቢ ያልኩት ባለማወቅ ነበር፣ እሺ። ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው። እሱን ለፋንታዬ ራሷ ካልነገርኩ የሚቀለኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ ከይፋግ ወዲያ ማዶም ሆነ በእብናት በኩል፣ በባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ፋንታዬ የምትባል ሴት ብታውቁ ንገሩኝ። ጠይም ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ተናጋሪ ናት፣ ሰው ታስቃለች። ዐረብ አገር ሽማግሌ ታስታምም ነበር። ልጇ ሐና ካለች አሁን ትምህርት ቤት ለመግባት ደርሳለች። እኔን ደብረ ታቦር በገበያ ቀን ድንች ተራ የይሁኔ እናት ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ፋንታዬ እኔን ማየት ባትፈልግ አልቀየማትም፣ አትምጣ። ሐና መኖሯን ብቻ ላኩብኝ።